ለሮላንድ በገና የደረደርኩባቸው ዓመታት

ሰው በዕድሜ ጡረታ ይወጣል፣ በሕመም ይወጣል፣ አለቃው ሲጠላውም ይወጣል። እኔን ከሥራ ያስወጣኝ መንፈስ ነው። ያውም ያልመጣ መንፈስ። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሻይ ስጠጣ የሚያገኙኝ ያገሬ ልጆች «ወይንሸት፣ አረፍሽ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉኛል። ከየት የመጣ ደስታ? ደሜ እስካሁን እንደፈላ ነው። ወሬው በየካፌው ተጣሞ ከሚነገር እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል። «ቁጡ ናት» የምትሉኝም ልክ ናችሁ፤ ቁጡ ነኝ።

ሙያዬ በገና ድርደራ ነው። የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ የኔታ ላቀው ከሚባሉ መምህር ዘንድ ነው። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ከአንዲት ክፍል ቤታቸው የማይወጡ ሰው ነበሩ። የሳቸውን አመል ሌላ መምህር ላይ አላየሁም። ተማሪ ገና ከመግባቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ከማንም ጋር ብትያቸው አያምኑሽም። እኔ ደግሞ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ከእህቴ፣ ከጎረቤት፣ ከቀበሌ ዘበኛ። አንድ ቀን የሰደብኩትን የታክሲ ረዳት ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄ እንድመለስ ላኩኝ። ልጁን ከየት ላግኘው? ሌላ ረዳት ይቅርታ ጠይቄ መጣሁ፤ ሰውየው እብድ መሰልኩት። የኔታ ሲሰሙ በጣም ሳቁና «ይሁን፣ ለሱም ይደርሰዋል» ብለው በገናውን ሰጡኝ።

አውታሩን ራሳችን ነበር የምንሠራው። የበግ አንጀት ፍቆ፣ አጥቦ፣ እርጥብ እንዳለ ገምዶ፣ በሁለት ሚስማር መካከል ወጥሮ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ከነካው ይሰባበራል። ከዚያ እንዚራው ይመጣል። እንዚራ የሚባሉት በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት፣ በብርኩማው፣ መካከል የሚገቡ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ናቸው። በጥፍር ነካ ነካ እያደረጉ፣ አውታሩ ቆዳውን ልንካው አልንካው ብሎ የሚያመነታበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ በገናን በገና የሚያሰኘው ዝዝታ ይወጣል። ትንሽ ካለፈ ድምፁ ይሞታል። የኔታ ይህን ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ከላይ አግዳሚው ቀንበር ላይ አስደግፈው ነበር፤ በጆሮ ሳይሆን በጥርሳቸው ነበር የሚሰሙት። መዝሙሩንም በመጀመሪያ ያለ በገና፣ እንደ ተራ ወሬ አስወርተው ነው የሚያስጀምሩት። «የምትዪውን ካላወቅሽ ጣትሽ ይዋሻል» ይሉ ነበር።

ቶሮንቶ የመጣሁት በስደት፣ በሱዳን በኩል ነው። የወረቀቱን ጣጣ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነው፤ አንሶላ ማጠፍ። አብራኝ የምታጥፈው አስካለ የምትባል የደሴ ልጅ ነበረች። እኔ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን ጫፍ ይዘን፣ እኔ መዝሙር ሳንጎራጉር እሷ ከማሽኑ ጩኸት በላይ «ጨምሪ!» ትለኛለች። ልጇን ዮናስን የወለደችው እዚያ እያለን ነው። ባልዋ ቶሎ ሞተባት፤ ክሬሰንት ታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ ልጇን ለብቻዋ አሳደገች። እኔ ላውንድሪውን ከተውኩ በኋላ በዓል በዓል ብቻ መገናኘት ጀመርን፤ በሺፍት የሚኖር ሰው ወዳጅነቱም እንደዚያው ነው።

ላውንድሪውን ያስተወኝ ሮላንድ ነው። በሁዳዴ ጾም ፓርክዴል አንድ አዳራሽ ውስጥ ስደረድር፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነ እንግሊዛዊ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። ሲያልቅ መጥቶ ከኔ ጋር ሥሪ አለኝ። ወጣት ሳለ ጆሮ በሚያደነቁር የጊታር ባንድ ውስጥ ነበር። በኋላ ያንን ትቶ ያገሩን የጥንት የገጠር ዘፈን ያዘ፤ ስለ ሰመጠ መርከበኛ፣ ስለ ታረደች ሙሽራ፣ ስለ አጨዳ። ኒዮፎክ ይሉታል፤ እኔ የእንግሊዝ እንጉርጉሮ እለዋለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ መንፈስ ጠሪ ነበር። ወለል ላይ ክብ ይሠራል፣ ሻማ ያበራል፣ የመላእክት ነው የሚለውን ስም ይደረድራል፣ በዚሁ ነገር ላይ ትንንሽ መጻሕፍት ጽፏል። ቶሮንቶ የመጣው ሚስቱን ተከትሎ ነው፤ ሚስቱ ሄደች፣ እሱ ከመጻሕፍቱ ጋር ቀረ። ተከታዮቹ ብዙ አይደሉም፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ናቸው፣ ከሞንትሪያል እስከ ጀርመን ድረስ ጥቁር ለብሰው ይከተሉታል።

ሥራውን ከመቀበሌ በፊት አዲስ አበባ ለየኔታ ኮል አደረግኩ። ሰውየው መንፈስ ይጠራል አልኳቸው። «ጠሪ ባለበት አባራሪ ያስፈልጋል። ቃሉን ግን እንዳትቀይሪ» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግኩ። ሮላንድ ክቡ ውስጥ ቆሞ በእንግሊዝኛና በላቲን ሲጠራ፣ እኔ ከጎኑ ነጭ ለብሼ፣ ይህን ቤት ጠብቅ፣ ክፉውን አርቅ፣ የሞቱትን በሰላም አሳርፍ እያልኩ በአማርኛ እጸልያለሁ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እሸኛለሁ። ከሃያ ዓመት የማያንስ ጊዜ እንደዚህ ሠራን። ከዚያ ሁሉ መድረክ አንዱም ላይ መንፈስ ድርሽ አላለም።

አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ነው የምትዪው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እስካሁን አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። አልበሞቹ ላይ ስለ ድምፄ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ከአሸዋ የመጣ ድምፅ ይለዋል፣ ከአጥንት የመጣ ይለዋል። ጉለሌ ምን አሸዋ አለ? ድምፁን ነው የፈለገው፤ ቃሉ ለሱ ጌጥ ነበር።

ግን ሐቁን ልናገር፣ ጆሮ አለው። ሌሎች ማይክሮፎኑን የበገናው ሆድ፣ ገበቴው ፊት ሲደቅኑት እሱ ዝቅ አድርጎ ብርኩማው አጠገብ፣ እንዚራው በሚንዛዘዝበት በኩል ነበር የሚያስቀምጠው። የዚህ አገር የክረምት ማሞቂያ አንጀቱን አድርቆ አውታር ስለሚበጥስብኝ ስቱዲዮው ውስጥ አየር የሚያረጥብ ማሽን ገዝቶ አስገባ። ጉዞ ላይ በገናውን ለሌላ አያስይዝም፤ እንደ ሕፃን አቅፎ እሱ ነው የሚሸከመው። ክፍያውም ደህና ነበር። እኔ ያስቀመጥኩት ሕግ ሁለት ነው፤ በሁዳዴ ለሱ አልሠራም፣ በገና ሲደረደር ማንም አያጨበጭብም። ሁለተኛውን በጣም ከመውደዱ የተነሳ ፖስተር ላይ ያትመው ጀመር፤ ከአስማቱ አንዱ ይመስል።

ነገር የመጣው በፖስተሩ ነው። በመጨረሻው ዓመት ስለ ሙታን አንድ አልበም አወጣና ለኮንሰርቱ ፖስተር የኔን ፎቶ አደረገ። እኔ በሀገር ልብስ፣ ከነበገናዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። የሱ ስም በማይነበብ ቀጭን ፊደል ከታች ነበር። ዳንፎርዝ ላይ በየምሰሶው ተለጠፈ። በተጨማሪም አዲስ ነገር አመጣ፤ ሰው ሲገባ የሞተበትን ሰው ስም ወረቀት ላይ ጽፎ በር ላይ ሳህን ውስጥ ይጥላል፣ ሮላንድ መድረክ ላይ እያወጣ ይጠራዋል። አልወደድኩትም፣ ነገርኩት። ትያትር ነው አለኝ። ትያትር እንዳልሆነ ግን ዓይኑ ይናገር ነበር፤ እሱ ራሱ ከልቡ ያምናል።

በዚያው ሰሞን ዮናስ በመኪና አደጋ ሞተ። ስንት ዓመት የለፋችበት፣ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ። ለቅሶ ሄድን። እኔም እንደ ማንም ምስር ወጤን ይዤ ሄድኩ፣ ሦስቱን ቀን ተቀመጥኩ፣ «በርቺ፣ እግዜር ያጽናሽ» አልኩ፣ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ። እድርተኞቹም ወደየሺፍታቸው ሄዱ።

ኮንሰርቱ የዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነበር። አዳራሹ አሮጌ፣ ብርዳም፣ ጥቁር ለባሽ የሞላበት ነው። ሮላንድ ከሳህኑ ወረቀት እያነሳ ሲጠራ እኔ ከሥር እደረድራለሁ። ሜሪ፣ ጆን፣ ምናምን። አራተኛውን ወይ አምስተኛውን ወረቀት አነሳና ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያ እየቆራረጠ፣ «ወልደ... ሚካኤል» አለ።

በስመ አብ! ክርስትና ስም ነው። በቅዳሴና በፍትሐት ካልሆነ የማይጠራ፣ ጠንቋይ እጅ እንዳይገባ እናት በሆዷ የምትይዘው ስም፣ በኖራ ክብ ውስጥ ቆሞ ጠራው! ቀና ብዬ ሕዝቡን አየሁ። ጥቁር ከለበሰው ፈረንጅ ሁሉ መካከል ጥቁር ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ተነስታ ቆማለች። አስካለ ናት። በኋላ እንደነገረችኝ ፖስተሩን አይታ የመዝሙር ጉባኤ መስሏታል። «አንቺን አየሁ፣ በገናሽን አየሁ፣ ሌላ ምን ልጠይቅ?» አለችኝ። በሩ ላይ የሟች ስም ጻፉ ሲሏትም ለካህን የሚሰጥ መስሏት፣ ለጸሎት እንደሚደረገው የዮናስን የክርስትና ስም ጻፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እኔ ምን አደረግኩ? መድረደሬን አቆምኩ። በንዴት መዳፌን አውታሩ ላይ አሳረፍኩና አፈንኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት መሀል ላይ አቋርጬ አላውቅም። አዳራሹ ፀጥ አለ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ እንዳያጨበጭቡ ተነግሯቸዋል፣ ትንፋሽም የለም። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የአዳራሹ አሮጌ የማሞቂያ ቧንቧ ኳ፣ ኳ አለ። ሮላንድ እጁን ዘረጋና «መጥቷል» አለ። አስካለ «ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተጋፈጥኩት። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ ያ ቧንቧ ነው አልኩት፣ አልሰማኝም። ያኔ ያለ የሌለ ቁጣዬ ወጣ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አንተ ስትጠራ እኔ ሳባርር ነበር» አልኩት። «የምለው ጸሎት ነው። ክፉውን አርቅ ነው የምለው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ በወደድኩ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ለዚህ ነዋ!» አለ። «ለዚህ ነው አንድም ቀን ያልመጡት!»

ሁለት እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተሳካለት ነገር ምክንያቱ እኔ ሆኜ ተገኘሁለት። በሳምንቱ ስልክ ደወለና በጣም እንደሚያከብረኝ፣ ከእንግዲህ ግን በገናዬ እሱ ባለበት መድረክ ላይ መኖር እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። አበባም ላከልኝ። ጡረታዬ ይሄ ነው። አበባውን ጋርቤጅ ውስጥ ነው የጣልኩት።

የኔ መባረር ይሁን፣ እድሜዬም ደርሷል፣ ጣቴም ቁርጥማት ጀምሮታል። አስካለን ግን አልለቀቃትም። በዚያው ምሽት ስልኳን ተቀብሎ ነበር፤ በየማክሰኞው ከሰዓት ሻማውን በቦርሳ ይዞ ክሬሰንት ታውን ይመጣ ጀመር። ሳንቲም አይቀበላትም። ቢቀበላት ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ብዬ እገላገል ነበር። ያመነበትን ሰው ምን ትዪዋለሽ? ልጅሽ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፣ የስንብት ነገር ካደረግሽ ግን ይሄዳል አላት። እሷም የአርባውን ተዝካር ተወችው። ሽሮው ተፈጭቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ አልፈልግም አለች። እድርተኞቹ ተቆጡ፤ ልጇን ያለ ተዝካር አስቀረችው ብለው ስልኳን ማንሳት ተዉ። አንዷማ «እኛ የምንችለውን አድርገናል» አለችኝ። ምን እንዳደረግን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።

ይዤው የነበረው ሐሳብ አንድ ነበር፤ ሄጄ እደረድርላታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? ከምኖርበት ከስካርቦሮ በገናዬን ታቅፌ በሁለት ባስ ሄድኩ። የኤሌቬተሩ ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይሄ እያለ ያየኛል። በሩን ሳንኳኳ ሰንሰለቱን ሳታወልቅ ገርበብ አድርጋ አየችኝ። ከስታለች። ዓይኗ ከኔ ወደ በገናው ሄደ።

«ይዘሽው ነው የመጣሽ?» አለችኝ።

«ይዤው ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አትግቢ። ሮላንድ ነግሮኛል፤ እሱን ሲሰማ ይሸሻል። ወይንዬ፣ ስሞትልሽ፣ ልጄን አታባሪብኝ።»

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ በገናዬን ታቅፌ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። እኔው በአፌ የነገርኩትን ወስዶ ሙያዬን በእኔና በሷ መካከል በር አደረገው። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። የኔታ በሕይወት ኖረው ዛሬ ከማን ጋር ተጣላሽ ቢሉኝ ከዓለም ሁሉ ጋር እላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በገናውን ቤት ትቼ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ እሱ ከመድረሱ በፊት ሄድኩ። ባዶ እጄን ስታይ አስገባችኝ። የመጣሁት ልቆጣት ነበር። ክርስቲያን አይደለሽም ወይ፣ ልጅሽን እንዴት የማንም መጫወቻ ታደርጊዋለሽ፣ ሌላም ሌላም አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እናንተ ሦስት ቀን መጣችሁ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ምስር በላን፣ በርቺ አላችሁኝ፣ ሄዳችሁ። እሱ በየሳምንቱ ይመጣል። የልጄን ስም የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም ብዬአችሁ የለ? ያን ቀን አጣሁ። ለሮላንድ የነበረኝ ንዴት ዞሮ መጣና እኔው ላይ፣ እድሩ ላይ፣ በርቺ በምትለዋ ቃል ላይ ሰፈረ። «ዮናስ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ከዚያ ላውንድሪው ውስጥ በአንሶላ ጋሪ አስተኝተነው እንደነበር አስታወሰችኝ። የመጀመሪያ ጥርሱን ሲነቅል እንዴት እንዳለቀሰ፣ አማርኛ ስታወራው በእንግሊዝኛ እየመለሰ እንዴት እንዳቃጠላት አወራችኝ።

በሩ ሲንኳኳ ሄጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሮላንድ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል፤ ሲያየኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በሩን በአፍንጫው ላይ ልዘጋበት እጄን አንስቼ ነበር። አስካለ ከውስጥ «ማነው?» አለች። እሱ ነው አልኳት።

«አስገቢው፣ ሻይ ቅጂለት» አለችኝ።

ሻይ ቀዳሁለት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሻማውን እስክትጠይቀው ጠበቀ። እሷ ግን ወሬዋን ከኔ ጋር ቀጠለች፣ በአማርኛ፤ ዮናስ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሦስት ጊዜ እንደወደቀ ነበር የምትነግረኝ። ሮላንድ ዮናስ የሚለው ስም በተጠራ ቁጥር ቀና ይላል፣ ሌላው አይገባውም። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝና ወጣ። በሳምንቱም መጥቶ እንደዚያው ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። እሱ ቀረ፣ እኔ ማክሰኞዬን አልተውኩም።

ሁዳዴ ሲቃረብ፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ በገናውን ላምጣው ወይ አልኳት። ሳቋ መጣ። ዮናስ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

«ዮናስ እኮ በገና አይወድም ነበር» አለች። «መኪና ውስጥ ስከፍት ‹ማሚ፣ ፕሊስ› ብሎ ይዘጋብኝ ነበር። ሮላንድ ‹በገና ሲሰማ ይሸሻል› ሲለኝ፣ ይሄማ ራሱ ልጄ ነው ብዬ አመንኩት።»

መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከፋኝ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ነገር ነዋ!

«የሙት ዓመቱን ተዝካር አወጣለሁ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «በገናሽን ግን ቤትሽ ተይው። ደርዳሪ ሞልቷል፤ እኔ ያጣሁት ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ሰው ነው።»

ተናደድኩ። ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ጠየቅኳት።